የየሺ ብልቃጥ

ዛሬ ወረታ ጤና ጣቢያ መርፌ የወጋችኝ ነርስ ባዶውን ብልቃጥ ቢጫው ካርቶን ውስጥ ስትጥለው የድሮ ቅናቴ አገረሸብኝ።

በሃምሳዎቹ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ የጎረቤቴ የየሺ ባል የክሊኒክ ዘበኛ ነበር። ቅበር ከተባለው ቆሻሻ አንድ የፔኒሲሊን ብልቃጥ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት።

የሺ ኩሏን እሱ ውስጥ አድርጋ በቁሐር ሚካኤል ንግሥ ሰው መሃል እያወጣች ትኳላለች። የእኔ ኩል ያለው ቀንድ ውስጥ ነው። አንጀቴ አረረ!

ለባሌ ብነግረው በሳምንቱ ሌላ ቀንድ አመጣልኝ፤ ተለቅ ያለ።

ዛሬ ነርሷን «ብልቃጡን ስጭኝ» ብላት፣ «እማማ፣ አደገኛ ነው፤ ለሰው አይሰጥም» አለችኝ።

«ምነው ይህን ያኔ ለየሺ ባል በነገርሽልኝ!» አልኳት።

እናንተስ፣ ጎረቤት ቤት ያያችሁት ምን ነገር እስከዛሬ ያንገበግባችኋል?