ከቀለሙ ስር

አጎቴ ቡላኦስ ሰፈር ያለውን ቤቱን አስቀብቶ «ነይ እዪልኝ» ብሎ ጠራኝ። የቀለሙ ሽታ ገና ከበር ደሜን አፈላው።

ልጅ ሳለሁ አምቡሊ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ፣ አባቴ የሚነዳውን የአጎቴን የጭነት መኪና ሻንሲ በያጁ በጣቱ ዳበሰና፣ «አንድ ስንጥቅ ቢሆን ጫፉን በስቼ እንዳይቀጥል አቆመው ነበር። ሁለት ሲሆኑ ግን፣ ሐጂ፣ ጭነት ሲያርፍባቸው ይፈላለጋሉ» አለው ለአጎቴ። ስንጥቅ እንዴት እንደሚፈላለግ አልገባኝም።

«ስንጥቅ ዓይን አለው እንዴ? ቀባው!» አለ አጎቴ። አባቴ ታላቅ ወንድሙን መቃወም ነውር ሆኖበት ማዳበሪያ ጭኖ ወጣ። ዳገቱ ላይ ሻንሲው ተቆረጠ፤ የአባቴ ሬሳ መጣልን።

አሁን አጎቴ የውሃ ታንከር ከተሸከመው ጣሪያ ስር ተቀምጦ ይስቃል። ከአናቱ በላይ፣ ቀለሙ ያልደበቃቸው ሁለት ስንጥቆች ሊገናኙ የጣት ስፋት ቀርቷቸዋል።

«ማሻአላህ» ብዬው ወጣሁ።