ንስሩና የደበቀው ሌንስ

ሹፌሩን «ንስሩ» ያልነው እኛው የሥራ ባልደረቦቹ ነን፤ ተሳፋሪ ከሩቅ አይቶ አውቶቡሱን ስለሚያቆም። እኔ ስምሪት ክፍል ቁጭ ብዬ ሃያ ዓመት መውጫ ወረቀት ስፈርምለት፣ ይህ ሰው ዓይኑ ውስጥ የሚያደርገው ሌንስ ከሌለ የራሱን አውቶቡስ ታርጋ ከአሥር እርምጃ እንደማያነብ ጨርሶ አልጠረጠርኩም።

ሲቀጠር የዓይን ምርመራውን ሌንስ አድርጎ አለፈና ቅጹ ላይ «ያለ መነጽር ያያል» ተብሎ ተጻፈለት። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ማውጣት እንጀራውን ማጣት ሆነ። ሌንሱን ሲያወልቅ ማንም እንዳያየው ብቻውን ቤት ተከራየ። አግባ ስንለው ወሬ ይቀይራል። ታናሽ እህቱ አብሬህ ልኑር ብላ ብትለምነው «ቤቱ ይጠበናል» ብሎ መለሳት። ሁለት ክፍል ነበረው እኮ! ኩራተኛ አልነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ አልወደውም ነበር።

መንገድ ላይ ሌንሱ አቧራ ሲይዝበት፣ ለራዲያተር ብሎ ከመቀመጫው ሥር ካስቀመጠው ጀሪካን ውሃ መዳፉ ላይ አንጠብጥቦ ያጥበዋል። የሌንስ ማጠቢያ ይዞ ቢዞር ሰው ያይበታላ!

አንድ ሰሞን ቀኝ ዓይኑ ቀላ። ክሊኒክ ሄደ።

«ሌንስ ታደርጋለህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

ቫይረስ ነው ተብሎ ጠብታ ተሰጠው። ሕመሙ ግን ባሰበት። የመስኮት ብርሃን እንኳ እንደ መርፌ ይወጋው ጀመር። ሁለት ወር እንዲህ ከተሠቃየ በኋላ አንዲት የዓይን ሐኪም ዘንድ ደረሰ። በመሣሪያዋ ስታይ፣ ኮርኒያው ላይ፣ ማለትም ከብሌኑ ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ ነጭ ቀለበት ተሠርቷል።

«አባቴ፣ የሚታየኝ ቁስል ብቻውን እንዲህ የሚያሳምም አይደለም። ውሃ የነካው ሌንስ አድርገው ከሆነ ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ ዓይንዎ ይጠፋል።»

ቢናገር መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል። ቢሆንም «ሃያ ዓመት» አላት።

ዓይኑን አደንዝዛ ከኮርኒያው ላይ ጥቂት ፋቀችና ላቦራቶሪ ላከች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በድርብ ቅርፊት የተሸፈነ አሜባ ተገኘ።

«አሜባ የሆድ በሽታ አይደለም እንዴ?»

«የሆዱ ሌላ ነው። ይሄኛው ውሃና አፈር ውስጥ ይኖራል። ሌንስ ላይ ተጣብቆ በትንሽ ጭረት ይገባና የኮርኒያውን ነርቭ ተከትሎ ይሄዳል፤ ያሠቃየዎት እሱ ነው። ጠብታው በየሰዓቱ ነው የሚደረገው። ቤት ሰው አለ?»

«አለ» ብሎ ዋሻት።

በሳምንቱ መንጃ ፈቃዱን ሊያስረክብ ቢሮዬ መጣ። ዓይኑ ላይ ጉም የመሰለ ጠባሳ አለ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያኔ ነው። አንጀቴን በላው። «ለእህትህ ደውልላት እንጂ!» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። ሁሉንም ሲነግራት፣ የስልኬ ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ መልሷን ሰማሁ።

«ሌንሱን ነው? አውቅ ነበር እኮ፣ ወንድምዬ። አብሬህ ልኑር ያልኩህ ቀን የሌንሱን ማስቀመጫ መስኮቱ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነዋ።»

ስልኩን መለሰልኝ። የጠብታው ሰዓት ደርሶ ኖሮ ከኪሱ አወጣና አንጋጠጠ። መድኃኒቱ ግን ዓይኑን ስቶ ጉንጩ ላይ ፈሰሰ።

«አምጣ፣ እኔ ላድርግልህ» አልኩት።

«ተወው፣ ብቻዬን ለምጄዋለሁ» አለኝ።