እጅ ተቆጥሮ የተመረጠው ማሽን

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው ሁሉ ትዕግሥቱን ያነሳብኛል። «እንደሱ ያለ ታጋሽ የት ይገኛል!» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ሲወጡ ግን ደሜ ይፈላል። ያ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ አይቻለሁና ቀስ እያልኩ ልጻፈው።

በደርግ ጊዜ ሁለታችንም የምንሠራው ለየክፍለ ሀገሩ መድኃኒት በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ነበር። እሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ የመድኃኒቱን ስምና የሚያበቃበትን ጊዜ ወደ ማሽኑ አስገባለሁ። ጧት ከኮልፌ አብረን ወጥተን ማታ አብረን እንመለሳለን። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ነበረችን። እሱ የጻፈላት ፕሮግራም የቱ መድኃኒት በየትኛው መጋዘን ሊበላሽ እንደተቃረበ አስቀድሞ ይናገራል። ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። ራት ቀርቦ እንኳ ሐሳቡ እዚያው ነበር።

ከዚያ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን በስጦታ መጣ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ማሽኑ የሚታዘዝበት ሥርዓት፣ የራሱ ነው፤ የፕሮግራም መጻፊያውም የራሱ። በትንሿ ላይ የተጻፈ ነገር እዚያ አይሠራም። ለሁለቱ የሚበቃ ሰው ስላልነበረ አንዱ መመረጥ ነበረበት።

ባለቤቴ ትንሿን መረጠ።

«ይቺ ስሳሳት እዚያው ስህተቴ ላይ ታቆመኛለች፤ አርሜ እቀጥላለሁ» አለኝ። «ያኛው ግን ስህተቴን በነጋታው በወረቀት አትሞ ነው የሚመልስልኝ። አንዲት ነጥብ ብረሳ አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍም በነሱ ቋንቋ ነው፤ ማንበብ የሚችል ከመሀላችን የለም።»

ይህን መወሰን የነበረበት እሱ ነው። የተወሰነው ግን በውይይት ክበብ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ በእጅ ማውጣት ነው። ሰብሳቢው ካድሬ የሁለቱንም ማሽኖች ቁልፍ አንድ ቀን እንኳ ነክቶ አያውቅም።

«ጓዶች፣ ጥያቄው የቴክኒክ አይደለም። የአሰላለፍ ጥያቄ ነው!» አለ።

ከኋላዬ የተቀመጡት አዛውንት ሾፌር፣ «የምነዳው መኪና ሲመረጥ ማንም አልጠየቀኝ፣ ለዚህ እጅ አውጣ ይሉኛል» ብለው አጉረመረሙ። አጠገባቸው ያሉት ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

ባለቤቴ ተነሣ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ እንስጣቸውና የሚሆነውን እንይ።»

«የወዳጅ ሕዝብ ስጦታ ለፈተና ይቀመጥ ነው የምትለው?»

ባለቤቴ ተቀመጠ። ከዚያ «ትልቁን ማሽን የምትደግፉ!» ሲባል እጁ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። የገዛ ሥራውን ሊቀብር።

የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ቀረ።

ካድሬው አየኝ። «አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ጓዳችን ከባለቤቱ ጋር ተኮራርፎ መጥቷል መሰለኝ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም ሳቀ።

የዚያን ዕለት አውቶቡሱ ሞልቶ ስላለፈን ከጦር ኃይሎች ፌርማታ በእግራችን በጭቃው ተመለስን። ብዙ ካዘገምን በኋላ፣ «እጅሽን ብታወጪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?» አለኝ።

«ያንተን ሥራ ነው የምቀብረው?»

«ልጆች አሉን እኮ።»

«እኔስ የማን እናት ነኝ?»

ፍርሃቱን አውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን አለ? የፈራውን ሰው አልቆጣውም። ለሳቁ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ታቅፎ የማያውቀውን ቋንቋ ይማር ጀመር። ፕሮግራሙን ለትልቁ ማሽን እንደገና ጻፈው። ይልካል፣ በነጋታው ስህተት ተብሎ ይመለሳል፤ ያርማል፣ ይልካል። እሱ ከወረቀት ጋር ሲታገል መድኃኒቱ በየመጋዘኑ ጊዜው እያለፈ ነበር። በግቢያችን ጀርባ ሲያቃጥሉት ሽታው እኔ ድረስ ይመጣል። ከሚቃጠለው መሀል በገዛ ጣቶቼ ያስገባኋቸው ስሞች ነበሩበት። በዚያው ሰሞን ጎረቤቶቻችን ለልጆቻቸው ሽሮፕ ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይንከራተታሉ። ይህን ለማን አቤት ይሏል?

በመጨረሻ የትልቁ ማሽን አንድ ዕቃ ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ደርግ ሊወድቅ ተቃርቦ ስለነበር ካድሬውም ካኪውን አውልቆ በሹራብ መምጣት ጀምሯል። አንድ ቀን ወደ ባለቤቴ ጠረጴዛ መጣ።

«ወንድሜ» አለው። «ጓድ» የምትለዋ ቀርታለች። «ያቺን ትንሿን ማሽን እናስነሣት። ያንን ፕሮግራምህን አምጣው። መጀመሪያም ያልከው ልክ ነበር።»

ልቤ ዘለለ። ባለቤቴ ግን ቀና እንኳ ሳይል፣ «የለም» አለ።

ካድሬው እንደሄደ ወንበሬን ወደሱ ሳብኩ። «የደበቅከው ከሆነ ጎበዝ! ለሱ አትስጠው። መጋዘን ላሉት በቀጥታ እንሰጣቸዋለን።»

«አልደበቅኩትም። አጥፍቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከስብሰባው ማግሥት። የተቀዳባቸውን ዲስኬቶች ሁሉ።»

«ማን አዘዘህ?»

ወረቀቱን አስተካክሎ ደረደረ። ልክ አዳራሹ ውስጥ እንደሳቀው አድርጎ ፈገግ አለልኝ።

«ማንም» አለ።