ፍየል የበላው አንበሳ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ የላስቲክ የአንበሳ ጭምብሎች ተሰቅለው አየሁ። ልጄ ለትምህርት ቤቷ የወላጆች በዓል ጭምብል አምጪ ተብላ ነበርና እጄን ይዛ ወደዚያው ጎተተችኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የላስቲክ አንበሳ ባየሁ ቁጥር አዴ ፋጡማ ትዝ ትለኛለች፤ እሷ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ፍየሎቿ። ቤት እንሠራለን አልኩና ልጄን እያለቀሰች ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት።

ልጅ እያለሁ ከአዴ ፋጡማ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነበር የምንኖረው። እሷና እናቴ በቧንቧ ወረፋ ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ገረባ። ከሰዓት ጫት ተቅሞ ሲያበቃ ለአፍ የማይሆነው ቅጠልና እንጨት ለአዴ ፋጡማ ፍየሎች ይሰጣል፤ የግቢያችን ደንብ ነው። ማንም ከማንም ቢጣላ ገረባ አይቀርም። አባቴም ከምድር ባቡር ጋራዥ መጥቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ሲቅም፣ ገረባውን ጥጉ ላይ ይከምርላት ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለዓመቱ መዝጊያ ተውኔት ልናሳይ ሆነ። አስተማሪያችን ጥሩ ጭምብል ያመጣ አንበሳውን ይሆናል፣ በእጁ የሠራ ደግሞ ይቀድማል አለን። እኔ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ ስለማይሰማ ሌሎች "አለች" የሚሉልኝ ልጅ ነበርኩ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ አንዴ ማግሳት ፈለግሁ፤ ሌላ ምንም አላማረኝም። የአዴ ፋጡማ ልጅ ፈይሰልም የክፍሌ ልጅ ነበር። እናቱ ከጅቡቲ በምታመጣው ሸቀጥ መሀል የላስቲክ አንበሳ ተገኝቶለት ግቢውን ሲያምሰው ሰነበተ።

የፓስታ ካርቶን ቆረጥኩ። እናቴ ዓይኖቹን በምላጭ አወጣችልኝ፤ የፉርኖ ዱቄት በውሃ አፍልታም ሙጫ ሠራችልኝ። የአሮጌ ደብተር ወረቀት እየቀደድኩ ድርብርብ አድርጌ ለጠፍኩበት። ቢጫው ከእርድ፣ ጢሙ ከከሰል፣ ማሰሪያው ከአባቴ ያረጀ ቁምጣ የወጣ ላስቲክ። የቀረው ጎፈሩ ነበር። ቃጫ ፈልጌ ሳጣ ዓይኔ የገረባው ክምር ላይ አረፈ፤ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ልክ ጎፈር። ዘርዘር እያደረግሁ በጆንያ መርፌ ዙሪያውን ሰፋሁት። የእርዱ፣ የሙጫውና የገረባው ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጭምብሉን አጥልቄ ሳገሳ እናቴ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። አስመስላም ይሁን ከልቧ እንጃ፣ ብቻ ደስ አለኝ።

ሙጫው እንዲደርቅ ግቢው መሀል ድንጋይ ላይ አስጥቼው ገባሁ። ቀትር ላይ ድሬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም፤ ሙቀቱ ሁሉንም ያጋድማል። አዴ ፋጡማ ብቻ በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእንቅልፌ ስነሳ፣ ሁልጊዜ በሽቦ የሚታሰረው የበረቱ በር ተከፍቷል። ፍየሎቹ አንበሳዬን ከበውታል። ጎፈሩን ጨርሰው፣ ሙጫው ጣፍጧቸው ካርቶኑን ጀምረዋል። አንዱ ጆሮና ግማሹ ግንባር የለም። ሴትየዋ እያየች ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

እናቴ ወጥታ ለምን ፈታሻቸው ብትላት፣ አዴ ፋጡማ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ገረባ የፍየል ነው አቦ። ልጅሽ ቀለባቸውን ወስዳ ፊት ላይ ብትሰፋው ፍየሎቼ ምን ያድርጉ?"

ጠላኋት። ልጅ ቂም አይዝም የሚል ሰው እኔን አያውቀኝም። በበዓሉ ቀን ፈይሰል በላስቲክ ፊቱ አገሳ። እኔን አስተማሪው ቅጠል አሸክሞ ዛፍ አደረገኝ፤ ዛፍ ደግሞ አይናገርም። አዴ ፋጡማ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስታጨበጭብ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብያት አላውቅም።

ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። ግቢው ከአዴ ፋጡማ ጋር በብሎኬት ግንብ ለሁለት ተከፍሏል፤ እናትና አባቴ አርፈዋል፣ ፈይሰልም ጅቡቲ ቀርቷል። የሰፈሩን ገረባ የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል። ከልጄ ጋር ካርቶኑን ቆርጠን፣ ሙጫውን አፍልተን፣ ጎፈሩ ላይ ስንደርስ ቆምን፤ ቤታችን የሚቅም የለም። የእናቷን ታሪክ የማታውቀው ልጄ ሳልልካት ጎረቤት ሄዳ ጠይቃ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ገረባ ይዛ መጣች።

"አዴ ፋጡማ ለእናትሽ ንገሪያት አለችኝ" አለች። "ፍየሎቼ አልቀዋል በያት አለችኝ።"

ይቅር አላልኳትም፤ አመሰግናለሁም አላልኩም። ፌስታሉን ግን አልመለስኩትም። ልጄ እየሰፋች ከአሁኑ ታገሳለች፤ ድምጿ እንደኔ አይደለም፣ መንገድ ድረስ ይሰማል። ቀትር ላይ ጭምብሉን ፀሐይ ላይ አሰጣነውና ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከግንቡ ወዲያ አሮጊቷ ስታስል ይሰማኛል። ፍየል እንደሌለ አውቃለሁ። አንበሳው እስኪደርቅ ግን አልተነሳሁም።