ስለ ዘይነባ ጣት ፓርላማ የተጠየቀው

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ተካ መጥረጊያ፣ አካፋና ሁለት ባዶ ማዳበሪያ አስረከበኝ። ጋሽ ተካ የመንገድ ጠራጊዎች ካቦ፣ ማለትም የቡድናችን አለቃ ነበር። ከኮልፌ ገበያ ፌርማታ እስከ ድልድዩ ያለውን አስፋልት በእጁ አሳየኝና ይሄ ያንቺ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ቆሻሻ ብታዪም አያገባሽም አለኝ። እኔ ግን ትጋቴን ላሳይ ብዬ ከድልድዩ ወዲያም ጠረግሁ። የሰው ድርሻ ጠርጋ ገባች ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ተሳቀብኝ።

ጠረጋ ቀላል የሚመስለው ለሚያልፍ ሰው ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታዩና ጀርባችሁን ትሰጡታላችሁ። አቧራ ከበዛ ውኃ ትረጫላችሁ። ከመሀል ወደ ዳር እንጂ ከዳር ወደ መሀል አይጠረግም፣ ታክሲ አለና። የጫት ገረባ ዝናብ ከነካው ወገብ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ማዳበሪያው ከግማሽ ሳያልፍ ወደ ገንዳው ይወሰዳል። ጠርሙስ በእጅ አይነሣም። ይሄን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሽ ተካ ነው፤ ባለበት እግዚአብሔር ይስጠው።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ድርሻ የዘይነባ ነበር። እሷም የተቀጠረችው ከኔ ጋር በአንድ ቀን ነው፤ ከቤቷ የምትመጣው በገበያው በኩል አቋርጣ ነበር። ድርሻችን ድልድዩ ላይ ስለሚገናኝ እዚያ ቁጭ እንላለን። አንድ ሱቅ የነበራቸው ሐጂ በየጠዋቱ ሙቅ ውኃ እያወጡ ያስታጥቡን ነበር፤ ለሰባት ስምንት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይረሱ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ያን ሁሉ ክረምት አልዘልቀውም።

ከጊዜያዊነት ወደ ቋሚነት ተዛወርን። ጋሽ ተካ ጡረታ ወጥቶ ካቦ ተባልኩ፤ ሱፐርቫይዘር ግን ማንበብ ስለሚጠይቅ አለፈኝ። ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ ተሸኘሁ። ጡረታዬ ብዙ አይደለም፣ ግን የቀበሌ ቤቴን ኪራይና የጉልበቴን መድኃኒት ይችላል። ፊደል የለየሁትም ያኔ፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ነው።

በዓመቱ የዘይነባ ተራ ደረሰ። የጡረታ ቢሮው ልጅ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ፋይሏን ገልጦ አውራ ጣቷን አስነካና ሁለቱን አስተያየ። "ማዘር፣ የሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይ ያለው አሻራ የርስዎ አይደለም" አላት። የማን እንደሆነ ጠየቃት። አላውቅም ብላ ወጣች።

ታውቅ ነበር። ስለተቀጠርንበት ቀን ሳልነግራችሁ ያለፍኩት ነገር አለ። ቀኑ የዒድ ዋዜማ ነበር። ዘይነባ ሂናዋን ተቀብታ ሁለቱም እጇ በጨርቅና በፌስታል እንደታሰረ፣ ስማችሁ እየተጠራ ነው ሲሏት ሮጣ መጣች። ፎርም የሚያስሞላው ጸሐፊ ያንን የታሰረ እጅ አየና ተበሳጨ። ሌላ ቀን እንዳይላት ኮታው ዛሬ ይሞላል። ሂናውን ልፍታው ብትልም በእርጥቡ ወረቀቴን ታበላሺብኛለሽ አላት። ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ወደኔ ዞረና "አንቺ ለሷም ንኪላት" አለ። በሷ ፎርም ላይ አንድ፣ በራሴ ላይ አንድ፣ ጣቴን ጫንኩ። ዘይነባ መረቀችኝ። የሚያነብ ሰው ከመሀላችን አልነበረም፤ ጣት ስም መሆኑን የነገረንም የለም።

እንግዲህ እውነቱን ብትናገር በሁለት ፋይል ላይ ያለው የኔ ጣት መሆኑ ይታወቃል። የኔንም ጡረታ ያቆሙታል ብላ ፈራች። ማመልከቻ አጻፈች፣ ደጋግማ አጻፈች፤ ሂናውን ግን በአንዱም ላይ አላስጻፈችም። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ማንነትዎን ያረጋግጡ።

ከልጇ ቤት ጥገኛ መሆን ሲከብዳት የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ቆሼ ወርዳ ፕላስቲክ መልቀም ጀመረች። በስልሳ አንድ ዓመቷ። አየር ጤና ላይ ጆንያ ተሸክማ ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋትና ነገ ሄጄ እናገራለሁ አልኳት።

"አርፈሽ ተቀመጪ። ሁለታችንም ለቃሚ ብንሆን ማንን ይጠቅማል?" አለችኝ።

"አንቺ እየለቀምሽ እኔ እየበላሁ እንዴት አርፋለሁ?"

"ብይልኝ። ጉልበትሽ እንደሆነ ቆሼን አይወጣም።"

ስቀን ተለያየን። እቤቴ ስገባ ግን እራቴን ከድኜ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሰሞን የፓርላማ ተወካያችን ከመራጩ ጋር ሊወያይ ወረዳው አዳራሽ መጣ። ሰው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ትራንስፖርት ጠየቀ። እሱ የእያንዳንዱን ዝርዝር እየጠየቀ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማይኩ ለኔ ሲደርስ ተነሥቼ ቆምኩ። ከሂናው ጀምሬ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ፌስታሉ ላይ ስደርስ አዳራሹ ሳቀ፤ ሁለተኛው ፋይል ላይ ስደርስ ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩኝ።

ተወካዩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እናቴ፣ ይሄን በአደባባይ ሲናገሩ የራስዎ ጡረታ አያሰጋዎትም?"

"ያሰጋኛል እንጂ ልጄ። ግን ሃያ ስምንት ዓመት የጠረገችው በራሷ እጅ ነው።"

ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ዘይነባ "ይቺ ሴትዮ አበደች" ስትል እኔ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ተወካዩ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ። ፊርማ ሳይሆን ጣት ነክታችሁ የተቀጠራችሁ እስቲ እጅ አውጡ አለ። ብዙ እጅ ወጣ፤ ጠራጊዎች፣ ጥበቃዎች፣ የትምህርት ቤት ጽዳቶች። ከናንተ ውስጥ ሌላ ሰው የነካለት ሲል ደግሞ እጅ መውረድ ጀመረ፣ ጥቂቶች ግን እንዳወጡ ቀሩ። የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ተቀበለ። የኔን ስም ለማንም እንደማይሰጥም በዚያው ተናገረ።

ጡረታ የሚመለከታቸው ሚኒስትር ፓርላማ ለጥያቄ የሚቀርቡበት ቀን ከዘይነባ ጋር አየር ጤና አንድ ሻይ ቤት ገብተን ቴሌቪዥኑን አስከፈትን። ባለቤቱ ኳስ ይፈልግ ነበር፤ ዘይነባ ዛሬ የኔ ጨዋታ ነው አለችው። ተወካያችን ተነሣ። ስለ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ጠየቀ፣ የጡረታ ክፍያ ስለሚዘገይባቸው ጠየቀ። ቀጥሎ የኛን አነሣ።

"ፎርሙን ያስሞላው መንግሥት ነው፤ ጣት ያስነካውም የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ከደመወዟ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥ ጣቱ የማን ነው ያላት የለም። ተቀባይ ስትሆን ብቻ ለምን ትጠየቃለች?"

ሚኒስትሩ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አሉ። ዘይነባ ሻይዋን አስቀምጣ "እኔም ጥናት ላይ ነኝ፣ ቆሼ" አለች። አፈ ጉባኤው ሰዓት ማለቁን ሊናገሩ ሲሉ ተወካዩ ተጨማሪ ጥያቄ ለመነ፤ ጥናቱ እስኪያልቅ እነዚህ ሰዎች ምን ይሁኑ ነው ያለው። ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ። በመጨረሻ የደመወዝ መክፈያ መዝገብና አብረው የሠሩ ሦስት ምስክሮች ካሉ አሻራው ብቻ መከልከያ እንዳይሆን ለቢሮዎች ደብዳቤ ይጻፋል አሉ። ባለ ሻይ ቤቱ ኳሱን ረስቶ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ደብዳቤው ወዲያው አልደረሰም፤ ሁለት ጊዜ ሄደን ተመለስን። ሲደርስ ምስክር ሆነን ከኔ ጋር ሁለት የድሮ ጠራጊዎች ቆምን። የኔን ፋይል የጡረታ ቢሮው ኃላፊ ራሷ አየችው። የሆነውን እንደሆነ በጽሑፍ ሰጠሁ፤ በዚህ ጊዜ ፈርሜ። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት ብትለኝ "በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል ብለሽ ነው" አልኳት። ሳቀች። ጡረታዬን አልነካችብኝም፤ ከኃላፊነቷ በላይ ደግ ሆናልኛለች፣ አመሰግናታለሁ።

ዘይነባ ያለፈው ዓመት ተጠራቅሞ ሲሰጣት መጀመሪያ ያደረገችው የቆሼ ጓንቷን አብራት ትለቅም ለነበረች ሴት መስጠት ነው። ተወካዩን አመስግኑልኝ ብላ በየመስጊዱ ታስመርቀዋለች። እኔም በበኩሌ እጸልይለታለሁ።

አሁን በሥራ ላይ ያላችሁ ጠራጊዎች ምክር ስትጠይቁኝ የምላችሁ ይሄንን ነው። ያ ሁሉ ማመልከቻ መልስ ያጣው ክፉ ሰው ስላነበበው አይደለም፤ ሂናውን ስላልጻፍንበት ነው። ለሚጠይቅላችሁ ሰው የራሳችሁንም ጥፋት ጨምራችሁ ንገሩት። ያልነገራችሁትን ሊጠይቅላችሁ አይችልም።