አጎቴ ያፋጠኑት መልስ

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ሰይድ ኩራዙን ለኩሰው ከከሰሉ ፍም ዳር ተረት ያወሩልን ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለነበሩ ተረታቸው ውስጥ ጅብና ጦጣ ብዙም አይገቡም፤ ያኔ እኛንም አልናፈቁንም።

አንድ ምሽት የሁለት ከተማ ተረት አወሩን። ከላይ ደሴ፣ ከታች ኮምቦልቻ፣ በመሐል ሰውን የሚያደክም ተራራ። የሚወርደውና የሚወጣው ሰው እኩል ሲሆን፣ መመላለሱ ባይቆምም የየከተማው ሕዝብ ባለበት ይቆያል፤ ሚዛን ማለት እሱ ነው አሉን። ኋላ አንድ መንገድ አዋቂ መጥቶ፣ ተራራው ዝቅ የሚልበትን አቋራጭ አሳያቸው። ለወራጁም ለወጪውም እኩል ቀለለ፤ ስለዚህ ቶሎ ተደረሰ እንጂ ሚዛኑ ያው የድሮው ሆነ። ሰውየውም ምንም ሳይጎድልበት መንገዱን ቀጠለ። በኬሚስትሪ ካታሊስት የሚባለው እሱ ነው አሉ፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ። እኔ «ቶሎ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ተኛሁ።

በዚያ ሰሞን እናቴ አባቴን አኩርፋ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ወርዳ ነበር። እመለሳለሁም አልመለስምም አላለች፤ ላስብበት ነው ያለችው። በሰፈራችን ያኮረፈች ሚስት ሁሉ ሽማግሌ ሲሄድላት ስትመለስ አይቻለሁ። ስለዚህ አጎቴን እርስዎ ይሂዱልኝ ብዬ አለቀስኩባቸው። እሳቸውም ሁለት ጎረቤት አስከትለው ወረዱ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫማ አጥቤ ደጃፍ ላይ አሰጣሁ።

አመሻሽ ላይ ብቻቸውን ተመለሱ። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከፍሙ አጠገብ አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ አልመለስም አለች፤ ፍቺውን ጨርሰናል» አሉኝ። «ወላሂ፣ እኔ መናገሩን አቀለልኩላት እንጂ ልቧን አላዞርኩትም። መምጣቱም መቅረቱም እኩል ነው የቀለላት።»

ያኔ አላለቀስኩም፤ ወጥቼ ጫማውን አነሳሁ።

ዛሬ እኔም ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ፤ አጎቴ ባይሄዱም የእናቴ መልስ ያው እንደነበር ይገባኛል፣ አልወቅሳቸውም። ልቤ የሚሰበረው ግን በሌላ ነው። መልሱ ካልቀረ፣ ምነው በዘገየልኝ እላለሁ። ቢዘገይ ኖሮ ያን ክረምት ሙሉ እናቴ ትመጣለች እያልኩ እከርም ነበር።