በአራት እጥፍ የሣልኩት ፊደል

አሰብ ወደብ አጠገብ ወዳለችው የትራንዚት ቢሯችን ኮምፒዩተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአማርኛውን ፊደል ነጥብ በነጥብ የሠራሁትም እኔው። ኩራቴ ለጉድ ነበር!

የጭነቱን ዝርዝር በመስኮት ለሾፌሮች የሚያነቡት ጋሼ ነበሩ፤ ከደሴ መጥተው እዚያው መስኮት ላይ ያረጁ ሰው። ሾፌር ወረቀት አያምንም፤ የጋሼን ድምፅ ካልሰማ ካሚዮኑን አያስነሳም። ዝርዝሩ ወደ ስክሪን ሲዞር ግን ጋሼ መንተባተብ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ያንቺ ፊደል እኮ ጉንዳን ይመስል ይተራመሳል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ» አልኳቸው። ያኔ ምነው አፌን በቆረጠው! ታዩ፤ መነጽርም ገዙ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ኋላ እንደገባኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹን ሰላም እያሉ የጫኑትን ይጠይቁና በቃላቸው ይይዙት ነበር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው የሚያነቡ ይመስላሉ። አንድ ቀን ከጠየቁ በኋላ የአንዱ ካሚዮን ጭነት ወደ ማዳበሪያ ተቀይሮ ሳለ፣ እሳቸው «ስኳር!» ብለው ተጣሩ። ሾፌሮቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ግን ማስታወሻውን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ፤ የሱ ማስታወሻ ደግሞ ደግ አይደለም።

ጋሼ ለምሳ ሲወጡ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን አየሁት። ወይ እኔ! የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ፣ እግሩ ከእግሩ የተጣበቀ። ጥፋቱ የዓይናቸው ሳይሆን የኔ ነበር። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

ባለካሬ ደብተር ገዛሁና እያንዳንዱን ፊደል በቁመትም በወርድም አራት እጥፍ አድርጌ ሣልኩት። ከዚያ እያንዳንዱን አሥራ ስድስት ካሬ ወደ አንዲት ነጥብ ጨመቅኩ፤ ሁሉም ከጠቆሩ ነጥቧ ጥቁር፣ ግማሹ ብቻ ከጠቆረ ግራጫ። ግራጫው ጠርዙን አለሰለሰው። ይህን ሁሉ ስሠራ ሳምንታት አለፉ።

የጨረስኩ ዕለት፣ በችኮላ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ መጨረሻ የተጻፈውን ጽሑፍ ሳላየው ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ይምጡ! እስቲ ያንብቡልኝ!»

መጡ፤ በዚያ ሾፌር ሁሉ በሚያውቀው ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። አልተንተባተቡም። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የከፈትኩት የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ መሆኑ ገባኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ፣ እጄን ያዙኝ።

«…የዓይናቸው ብርሃን በመድከሙ፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን።»

እጄን ለቀቁኝ።

«እንዴት ጥርት ብሏል፣ ልጄ» አሉ።